የፈረምኩትን ዓሣ የበላልኝ ሰው

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ሮቤ በሚገኘው መሥሪያ ቤታችን ሽኝት ተደረገልኝ። ወቅቱ ሁዳዴ ነበር። ባልደረቦቼ ጾመኛ መሆኔን ስለሚያውቁ በአንዱ ጠረጴዛ ላይ ሽሮ፣ ጎመንና ምስር ለእኔ ብለው አሰናድተዋል። በሌላው ላይ ለሙስሊሞቹና ለማይጾሙት ዓሣ ተጠብሷል። እኔ የሽሮውን ጠረጴዛ አልፌ ሄድኩና ከዓሣው አንድ ቁራጭ አንሥቼ፣ እሾኹን ለቅሜ በላሁ። ለሃያ ዓመት ቤተ ክርስቲያን ስሳለም የሚያየኝ አንድ ባልደረባዬ የያዘው ሳህን ከእጁ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም።

"እንዴ! ጥሩነሽ! ሁዳዴ እኮ ነው!"

"ዛሬ ጠዋት የፈረምኩት ዓሣ ነው" አልኩት።

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ቀልድ መስሏቸው ነው። እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ፤ ሽኝት ላይ ማልቀስ ደግሞ አልወድም። ለንስሐ አባቴ ነገሩን ከነገርኳቸው ቆይቷል። በየዓመቱ አርባ ስግደት ይሰጡኛል፣ በየዓመቱ እሰግዳለሁ፣ በየዓመቱም ሰው ሳያየኝ ደግሜ እበላለሁ። ምክንያቱን ለባልደረቦቼ በዚያን ቀን መናገር አልቻልኩም። አሁን ልጻፈው።

የላቦራቶሪ ትምህርቴን አዲስ አበባ የጨረስኩት በደርግ ጊዜ ነው። ያኔ ምደባ በዕጣ ነበር። በምግብ ምርመራ፣ በተለይም ዓሣ ላይ ስለሠለጠንኩ አዋሳ ወይም ባሕር ዳር እንደሚደርሰኝ ልቤ እርግጠኛ ነበር። የተጠቀለለችውን ወረቀት ስዘረጋት "ጎባ" ትላለች። ዕጣ የሚያወጣውን ጸሐፊ "እዚያ ሐይቅ አለ እንዴ?" ብለው "አብዮቱ ያመጣልሻል" ብሎ ወደ ቀጣዩ ሰው ዞረ። ከሻሸመኔ የተነሣው አውቶቡስ ዲንሾ ላይ ሲቆም በአንድ ነጠላ ወረድኩ። ብርዱ ጥርሴን አንቀጫቀጨው። አንዲት ባልቴት አይተውኝ ሳቁና ጋቢያቸውን ለሻይ መጠጫ ያህል አዋሱኝ። የባሌን ምድር መውደድ የጀመርኩት ከዚያ ጋቢ ይመስለኛል።

ላቦራቶሪው ሁለት ክፍል የቆርቆሮ ቤት ነበር። አንድ ማይክሮስኮፕ አለ። መብራት እንደልቡ ስለሚጠፋ ጀርም የምናበቅለው በእንጨት ሳጥን ውስጥ ነው፤ ከሥሩ ኩራዝ ይበራል፣ ከላዩ ቴርሞሜትር ተንጠልጥሏል፣ ሙቀቱ ሲበዛ ክዳኑ በክብሪት እንጨት ይደገፋል። ይህን ሳጥን የሠሩት የክፍሉ ኃላፊ ኦቦ ከድር ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ትንሽ ጎበጥ ያሉ የጎባ ሰው ነበሩ። ከድሬሰርነት ተነሥተው በልምድና በአጫጭር ሥልጠና እዚያ የደረሱ ናቸው። እኔ ዲፕሎማዬን ይዤ ስመጣ ሳጥኑን አይቼ በልቤ ሳቅሁ። በሳጥኑ ያበቀሉትን ጀርም በማይክሮስኮፕ ሳየው ግን አዲስ አበባ በማሽን ካየሁት አይለይም። ይህንንም በልቤ ያዝኩት እንጂ አልነገርኳቸውም፤ ያኔ እንዲያ ዓይነት ሰው ነበርኩ።

ዓሣ ወደ ጎባ የሚመጣው በሁዳዴ ነው። ከከተማው ክርስቲያኖች ዓሣ በጾም ይበላል የሚሉ አሉ፣ አይበላም የሚሉ አሉ። እኔ እናቴ ባሳደገችኝ መሠረት ከማይበሉት ወገን ነበርኩ። የሚያመጡት ነጋዴ ደግሞ ሙስሊም ናቸው። አዴ ፋጡማ ይባላሉ፤ አምስት ልጆች ይዘው የቀሩ ባልቴት ናቸው። በየሳምንቱ ከአዋሳ ሐይቅ ዳር ቆሮሶና አምባዛ ጭነው ማምሻውን ይደርሳሉ፣ በማግስቱ ይሸጣሉ። "ሁዳዴያችሁ ናት ዓመቱን ሙሉ የምታኖረኝ፤ ስትፈስኩ እኔ እጾማለሁ" እያሉ ይቀልዳሉ።

አንድ ቀን ኦቦ ከድርን ክርስቲያኖቹ ሙስሊም ያረደውን ሥጋ ሳይነኩ የአዴ ፋጡማን ዓሣ እንዴት እንደሚበሉ ጠየቅኋቸው።

"በግ ሲታረድ ይሄ የክርስቲያን፣ ያ የሙስሊም ይባላል" አሉኝ። "ዓሣን ማን አረደው? ውኃው ነው የሰጠው። በዚህ አገር ሁላችንም ከአንድ ትሪ የምንበላው ሥጋ እሱ ብቻ ነው። ስለዚህ ስትመረምሪው ለሁሉም ነው የምትመረምሪው።"

አመራመራቸው እንዲህ ነበር። መጀመሪያ አፍንጫ። ዓሣው የሚተነፍስበትን ስንጥቡን ገልጠው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ያሸታሉ። ቀጥሎ ጣት፤ ሆዱን ጫን አድርገው ሲለቁት ጉድጓዱ መመለስ አለበት። ከዚያ ከሥጋው ቆንጥረው በሙቀጫ ይወቅጡና በጨው ውኃ ደጋግመው ያቀጥኑታል፤ ጠብታውን በመስታወት ሳህን ላይ ባለው ማብቀያ ቀብተው ሳጥኑ ውስጥ ይከታሉ። ዓሣ ሁለት ቀን ስለማይጠብቅ ሌሊቱን አብቅለን ጠዋት የበቀሉትን ነጠብጣቦች እንቆጥራለን። ለኬሚካል ምርመራ ያለን ሁለት ዓይነት ወረቀት ብቻ ነበር። ሁለቱም የሚያሳዩት ዓሣው መበስበስ መጀመር አለመጀመሩን ነው፤ ስለ መርዝ የሚናገሩት ነገር የለም።

ከዚህ ሌላ በየትኛውም መጽሐፍ ያላየኋቸው ሦስት ልማዶች ነበሯቸው።

አንደኛው የዝንብ ሳህን ነው። ከመጣው ዓሣ ትንሽ ቆርጠው በሳህን መስኮቱ ላይ ያስቀምጡና ዝንብ ሲያርፍበት ያያሉ። "ዝንብ የማይበላውን ሰው አይብላ" ይላሉ። እኔ ይህን ሳይ አፍሬ ሞትኩ። ጤና ጥበቃ ዝንብ አጥፉ እያለ በየግድግዳው ይለጥፋል፣ የእኛ ላቦራቶሪ ዝንብ ይጋብዛል!

ሁለተኛው ልማዳቸው በቅጹ ላይ የሚጨምሩት ሦስተኛ መስመር ነው። የታተመው ቅጽ ሁለት መስመር ነበረው፤ "ለምግብነት ተስማሚ ነው" እና "አይደለም"። ኦቦ ከድር ከሥሩ በእስክሪብቶ ሌላ መስመር ያሰምሩና "ያልመረመርነው" ብለው ይጽፋሉ። "ያልመረመርነው፦ ጨው የተቀመጠበት ጆንያ።" "ያልመረመርነው፦ መርዝ፤ መሣሪያ የለንም።" ከበላይ "በቅጹ ላይ አላስፈላጊ ጽሑፍ እንዳይጨመር" የሚል ደብዳቤ መጥቶባቸዋል። ደብዳቤውን በክብር ፋይል አድርገው መጻፋቸውን ቀጠሉ።

ሦስተኛው መቅመስ ነው። የፈረመ ይበላል። እኩለ ቀን ላይ ከዚያው ዓሣ አንድ ቁራጭ ግቢው ውስጥ በከሰል ጠብሰው ይበሉና እስኪረጋገጥ ተቀምጠው ይጠብቃሉ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ማኅተም ይመታል፣ ዓሣው ገበያ ይወጣል። እኔ መፈረም ስጀምር የመብላቱ ተራ የእኔ መሆን ነበረበት። "ጾመኛ ነኝ ኦቦ ከድር" አልኳቸው።

"አውቃለሁ። ሁዳዴ እስኪያልቅ እኔ እበላልሻለሁ።"

እኔም ይህን እንደ ቀላል ነገር ተቀበልኩት። እንዲያውም እንደ ሽማግሌ ቀልድ።

በሦስተኛው ዓመት የሁዳዴ መግቢያ ላይ የአዴ ፋጡማ ዓሣ በሳህኔ ላይ ለመቁጠር እስኪያታክት ጀርም አበቀለ። ምክንያቱን ፈልጌ ፈልጌ አገኘሁት፤ የሚጭኑበት የእንጨት ሳጥን ነው። እንጨቱ ደምና ውኃ ይመጥጣል፣ ቢታጠብም አይጠራም። በግኝቴ ኮራሁ። ዓሣውን አስቀበርኩና አንድ ትእዛዝ ጽፌ፣ ማኅተም መትቼ በእጃቸው ሰጠኋቸው፦ "ዓሣ በእንጨት ሳጥን ማጓጓዝ ክልክል ነው። ከእንግዲህ ክዳን ባለው፣ በሚታጠብ የብረት ዕቃ ይሁን።"

አዴ ፋጡማ ማንበብ አይችሉም። ወረቀቱን አጥፈው በደረታቸው ከተቱና "እሺ ኢንተላ ኮ" አሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው።

ኦቦ ከድር ግን "የብረት ዕቃ ከየት ያመጣሉ?" አሉኝ።

"ይፈልጉ!"

"ይፈልጋሉ። ሲያመጡት መጀመሪያ ዕቃውን ራሱን እናያለን።"

በሳምንቱ ማምሻውን አዴ ፋጡማ ክዳን ያለው ሰማያዊ በርሜል አስጭነው ደረሱ። ፊታቸው በርቷል። ከሮቤ ገበያ፣ አሮጌ በርሜል ከሚሸጥ ሰው ገዝተውታል። በእነዚያ ዓመታት ባዶ በርሜል ማለት ንብረት ነው። ሰው ውኃ ያጠራቅምበታል፣ ጠላ ይጠምቅበታል፣ እህል ያኖርበታል፤ ቀድሞ ምን እንደነበረበት የሚጠይቅ የለም። እኔም አልጠየቅሁም። "ሦስት ጊዜ በአመድና በአሸዋ አጠብኩት ወላሂ! ሁለት ቀን ፀሐይ አስመታሁት" አሉኝ። ኦቦ ከድር ለወርኃዊ ስብሰባ ሮቤ ሄደው ስለነበር ብቻዬን ነበርኩ። ስንጥቡን ገልጬ ሳሸት የነጭ ሽንኩርት ሽታ መጣብኝ። አንዳንድ ነጋዴዎች ዓሣ እንዳይከረፋ በነጭ ሽንኩርት ያሹታል። አዴ ፋጡማም እንደዚያ አድርገው ይሆናል ብዬ አለፍኩት። አጠገቤ ቆመው ነበር፤ ዞር ብዬ አንድ ቃል ብጠይቃቸው ይበቃ ነበር።

ጠዋት ሳጥኑን ስከፍት በሳህኔ ላይ የበቀለው በጣት የሚቆጠር ነው። በሥራ ዘመኔ እንዲህ ያለ ንጹህ ዓሣ አይቼ አላውቅም። በደስታ ብቻዬን አጨበጨብኩ። ከዚያ መስኮቱን ለመክፈት ስሄድ የዝንብ ሳህኑን አየሁት። ዙሪያውን ስድስት ሰባት ዝንብ ሞቶ ወድቋል፤ አንዱ በጀርባው ተንጋሎ እግሩን ያንቀሳቅሳል። የጎባ ብርድ ነው የገደላቸው አልኩና በመጥረጊያ ጠርጌ ጣልኳቸው።

እንደገና እጽፈዋለሁ፤ ጠርጌ ጣልኳቸው።

የገበያ ቀን ነበር፤ አዴ ፋጡማም በር ላይ ቆመው "ገበያው አለፈኝ" ይላሉ። "ተስማሚ ነው" የሚለውን ፈርሜ ማኅተሙን መታሁ። ሦስተኛውን መስመር አላሰመርኩም። መቅመሱንም አልጠበቅሁም።

ኦቦ ከድር እኩለ ቀን ላይ ከሮቤ ተመለሱ። ጉንፋን ይዟቸው አፍንጫቸው ተዘግቷል።

"ዓሣው የታል?"

"ገበያ ወጣ። እንዲህ ያለ ንጹህ ውጤት አይተው አያውቁም!"

"ሳይቀመስ?" አሉ። አልተቆጡም። ያስቀረሁትን ናሙና አንሥተው ወደ ከሰሉ ሄዱ። ዘግይቶም ቢሆን ሕጉ ሕግ ነው። ሲጎርሱ ቅንድባቸው ተሸበሸበ።

"ነጭ ሽንኩርት ነገር አለው እንዴ?"

"አዎ፣ እንዳይከረፋ አሽተውት ነው" አልኩ። የማላውቀውን።

"ዝንቦቹስ?"

"ደህና ናቸው" አልኩ።

እነዚህን ሁለት መልሶች ወደ አፌ ለመመለስ ያልሰጠሁት ስለት የለም። ለምን እንዲያ እንዳልኩ ዛሬም አላውቅም። ዝንብ ቆጥሬ ሪፖርት ማድረግ አሳፍሮኝ ይመስለኛል። እሳቸውም አመኑኝ፤ ቁራጩን ጨርሰው እጃቸውን ታጠቡ።

አንድ ሰዓት ሳይሞላ ላብ አጠመቃቸው። በጎባ ብርድ ሸሚዛቸው ከጀርባቸው ላይ ተጣበቀ። ምራቃቸው አልቆም አለ፣ እንባቸው ይወርዳል፣ የጉንጫቸው ሥጋ በራሱ ይርገበገባል። ጉንፋኑ ነው ልል ስል ክንዴን ያዙኝ።

"ጥሩነሽ፣ ዓይኔን እይ። ብሌኑ ምን ያህላል?"

ጠጋ ብዬ አየሁ። ብሌናቸው የጤፍ ፍሬ አክሏል። የቀትር ፀሐይ እንኳ እንዲያ አያጠብበውም። ነገርኳቸው።

"የሰብል መርዝ ረጪዎች ዓይን ነው" አሉ። "ብዙ አይቻለሁ። ሐኪሞቹ ማርከሻውን፣ አትሮፒን፣ እንዲሰጡኝ ለሾፌሩ ንገሪው። በርሜሉ ነው፤ ሽታውም የመርዙ ነው... አንቺ ግን ከእኔ ጋር አትምጪ። ገበያ ሂጂ።"

"ጥያችሁ አልሄድም!" አልኩ፤ በድንጋጤ ቃሉ እንኳ ተምታታብኝ።

"ሂጂ!" የጮኹብኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ዘበኛውና ሾፌሩ ተሸክመው ወደ ሆስፒታል ሲወስዷቸው እኔ ነጭ ካፖርቴን እንደለበስኩ በገበያው መሃል ሮጥኩ። "ዓሣውን አትብሉ!" እያልኩ ስጮህ ሰው ያበድኩ መሰለው። አንዱ ቀበሌ ሊወርስባቸው ነው አለ፣ ሌላዋ የገዛችውን በነጠላዋ ሸሸገች። አዴ ፋጡማ ግን ፊቴን ብቻ አይተው ብድግ አሉ።

"ማኣል? ምን ሆንሽ?"

"ኦቦ ከድር በልተው ወደቁ። በርሜሉ መርዝ ነበረበት።"

"ያ ረቢ!"

አንድም ጥያቄ አልደገሙም። የቀረውን ዓሣ በሙሉ በእጃቸው ወደ ቦዩ ገለበጡት፣ ከአጠገባቸው ከሸክላ ሻጯ አመድ ነጥቀው በላዩ ነሰነሱበት። ከዚያ እጄን ያዙኝና ከቤት ወደ ቤት ዞርን። ደንበኞቻቸውን አንድ በአንድ ያውቃሉ። በየደጃፉ በአማርኛም በኦሮምኛም እየጮሁ፣ ድስት ከእሳት ላይ እያወረዱ፣ የሸጡትን ሁሉ ሰበሰቡ። በሁለት ቤት ስንደርስ ተበልቶ ነበር፤ እነዚያ ሰዎች ታመሙ እንጂ ዳኑ።

ኦቦ ከድር ግን አልዳኑም። ሐኪሞቹ ያላቸውን ሁሉ አደረጉ። በማግስቱ ጠዋት ገብቼ ሳያቸው መናገር አቅቷቸው ነበር፤ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። ጆሮዬን አስጠግቼ የሰማሁት "መስመሩን... ጻፊ" የሚል ነው። ረፋድ ላይ አረፉ። ከሰዓት በኋላ ቀበርናቸው። መቃብሩ ዳር ቆሜ አሰብኩ፤ እዚያ አፈር ውስጥ መግባት የነበረበት ያልጾሙት እሳቸው ሳይሆኑ የጾምኩት እኔ ነበርኩ።

ከቀብሩ ሲመለሱ አዴ ፋጡማ ታሰሩ።

አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢው ከክፍለ ሀገሩ የመጣ ጓድ ነበር፤ ብልህ ሰው ነው፣ የሚያስፈራውም ለዚያ ነው። "አሻጥር" የሚለው ቃል በመጀመሪያው ቀን ወጣ። ያ ቃል በዚያ ዘመን ሰውን የት እንደሚያደርስ የማያውቅ አልነበረም። አዴ ፋጡማን "ዓሣውን ለምን ከየቤቱ ሰበሰብሽ? መርዝ እንዳለበት ካላወቅሽ?" አሏቸው። ነፍስ ያዳኑበት ሩጫ ወንጀል ሆኖ ተጻፈባቸው። "በርሜል ተጠቀሚ ያለሽ ማነው?" ሲባሉ ግን ዝም አሉ። ትእዛዜ በደረታቸው ነበር። አላወጡትም።

እኔም ዝም አልኩ። ዘጠኝ ቀን። ቀን ሥራ እገባለሁ፣ ቤተ ክርስቲያን እሳለማለሁ፣ ምግብ አይወርድልኝም፣ ዝም እላለሁ። ፈርቼ ነበር፤ ሌላ ስም አልፈልግለትም።

በዘጠነኛው ቀን ሰብሳቢው ቢሮው አስጠርቶኝ የተተየበ ወረቀት ገፋልኝ። እንዲህ ይላል፦ ላቦራቶሪው ዓሣውን መርምሮ ንጹህ ሆኖ አግኝቶታል፤ ስለዚህ መርዙ ከምርመራው በኋላ በነጋዴዋ እጅ ሆን ተብሎ የገባ ነው።

"እዚህ ላይ ፈርሚ፣ ጓድ ጥሩነሽ። አንቺ ሥራሽን በትክክል ሠርተሻል።"

ደነገጥኩ። እስከዚያ ድረስ ዝምታዬ ራሴን ብቻ የሚሸሽግ መስሎኝ ነበር። ያቺ ያጨበጨብኩላት ሳህን፣ ያቺ በሕይወቴ ካየሁት ሁሉ የጠራች ውጤት፣ የአምስት ልጆች እናት አንገት ላይ የምትገባ ገመድ ሆና ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣለች። የሚጎድላት የእኔ ፊርማ ብቻ ነው።

እስክሪብቶውን ተቀበልኩ። ከፊርማው ቦታ ሥር መስመር አሰመርኩ። እንዲህም ጻፍኩ፦ "ያልመረመርነው፦ በርሜሉ። በርሜል ያዘዝኩ እኔ ነኝ። የሞቱ ዝንቦች አይቼ ጠርጌያለሁ።"

ሰብሳቢው አንብቦ "ይህ ምንድን ነው?" አለ።

"ኦቦ ከድር የሚጽፉት መስመር ነው። ትእዛዜም በሴትዮዋ ደረት ላይ ይገኛል፤ ማኅተም አለበት። መርዙም ከምርመራው በፊት እንደነበረ ነገ እዚሁ አሳያችኋለሁ።"

በማግስቱ ፖሊስ ያስቀመጠውን በርሜል አስመጡ። ውስጡን በትንሽ ውኃ አለቅልቄ፣ ስኳር ጨምሬ በአንድ ሳህን አደረግሁ። በሌላ ሳህን የምንጭ ውኃ በስኳር። ከቄራ ያስያዝኳቸውን ዝንቦች በሁለት ብርጭቆ ከፍዬ ደፋሁባቸው። ሦስት የኮሚቴ አባላት፣ አንድ ፖሊስ፣ አዴ ፋጡማና እኔ ጠረጴዛውን ከበን ተቀመጥን። በአንዱ ብርጭቆ ዝንቦቹ ይበላሉ፣ ይበራሉ። በሌላው መጀመሪያ ተንገዳገዱ፣ ከዚያ በጀርባቸው ወደቁ፣ እግራቸውን አወራጩ፣ ቆሙ። እኔ ቀና ብዬ ማንንም ማየት አልቻልኩም። ያፈርኩበት የሽማግሌ ዝንብ ሳህን ነበር እዚያ የሚመሰክረው፤ ከአሥራ አንድ ቀን በፊት ብሰማው ሰውዬው በሕይወት ነበሩ። ሰብሳቢው ኮፍያውን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረና "ፍቷት" አለ።

እኔ ሦስት ወር ታሰርኩ፣ ከደመወዜም ተቆረጠ፤ ለሠራሁት ሲያንስ ነው። በእስሬ ሁለተኛ ቀን ዘበኛው በጨርቅ የታሰረ ቂጣ አቀበለኝ። አዴ ፋጡማ በር ላይ ቆመው "ቅቤ የለውም፣ ጾምሽ ነው ብዬ!" ብለው ጮሁ። ያን ቂጣ በእንባ ነው የበላሁት። በኋላ ስጠይቃቸው፣ ትእዛዙን ለምን አላወጡትም ብዬ፣ "አንዱን ቀብረናል፤ ሁለተኛ ልቅበር?" አሉኝ።

ከእስር ስወጣ ሥራዬ ላይ መመለሴ እኔንም አስገርሞኛል። የሚተካኝ ሰው ስላልተገኘ ይመስለኛል።

በሚቀጥለው ሁዳዴ አዴ ፋጡማ ማምሻውን ደረሱ። ዓሣው ከሱቅ በተገዛ አዲስ ሳፋ ነበር። "መጀመሪያ ሳፋውን" አሉኝ። ሳፋውን መረመርኩ። ስንጥቡን አሸተትኩ፣ በምን እንዳሹት ጠየቅኋቸው፣ በምንም አሉኝ። የዝንብ ሳህኑን መስኮት ላይ አኖርኩ። ጠዋት ነጠብጣቦቹን ቆጠርኩ፣ ዝንቦቹንም ቆጠርኩ፤ በልተው ሲበሩ በዓይኔ አየሁ። ያልመረመርነውን በሦስተኛው መስመር ጻፍኩ፣ ፈረምኩ። እኩለ ቀን ላይ ኦቦ ከድር በሚቀመጡበት ዱካ ላይ ተቀምጬ አንድ ቁራጭ በከሰሉ ጠበስኩ። ሲደርስ አወጣሁትና በእጄ ይዤ ቀረሁ። እናቴ ትዝ አለችኝ። የሚበላልኝ ሰው የለም።

አዴ ፋጡማ አይተውኝ ጠጋ አሉና እጃቸውን ዘረጉ።

"ዲሲ፣ ተይው ኢንተላ ኮ። ጾመኛ ነሽ። አምጪ፣ እኔ እበላልሻለሁ።"

ያ የኦቦ ከድር ቃል ነው። እጃቸውን ገፋሁና ቁራጩን ወደ አፌ ከተትኩት። አላመጥኩ፣ ዋጥኩ።

አዴ ፋጡማ ሳፋቸውን ከድነው አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጡ። ገበያው እያለፈባቸው፣ ፀሐይዋ እስክታዘቀዝቅ ድረስ ተቀመጡ፤ በየጊዜው አገጬን በጣታቸው ቀና እያደረጉ ዓይኔን ያያሉ። ከዚያ "አልሐምዱሊላህ" አሉ። እኔም ተነሥቼ ማኅተሙን መታሁ።